ስልክ የመረጠው ቀሚስ

የሰመር ወራት በመጡ ቁጥር በዋሽንግተን አካባቢ፣ በዳላስ፣ በሲያትል፣ በለንደንም ሆነ በስቶክሆልም የሚኖረው ሐበሻ ከሰርግ ወደ ሰርግ ሲመላለስ ይከርማል። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑድ መልስ ነው። ታዲያ በመልሱ ዕለት ከአዳራሹ በር አጠገብ ተቀምጦ ገቢውን ለሚቃኝ ሰው አንድ ነገር ሳይታየው አይቀርም። ወገቡ ጠበቅ፣ ከጉልበት በታች ሰፋ ብሎ የሚወርድ፣ ከትከሻው ላይ ስስ ሺፎን የተለቀቀበት፣ ደረቱ በማሽን ጥልፍ የሚያብለጨልጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ወጣት ትገባለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላዋ ትከተላለች፤ ቀለሙ ይለይ እንደሆነ እንጂ ቀሚሱ ያው ነው። ሦስተኛዋም ያው። አንድ ዓይነት ልብስ የታዘዘላቸው ሚዜዎች ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም፤ እርስ በርሳቸው እንኳ አይተዋወቁም። እያንዳንዷ ብትጠየቅ “የራሴ ምርጫ ነው፤ ዲዛይኑን ራሴ ነኝ ያወጣሁት” ትላለች። ከየት እንዳወጣችው ሲጠይቋት ደግሞ ስልኳን ታወጣለች።

ወንዶቹም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም። ያው ነጭ ስኒከር፣ ያው በምላጭ መስመር የወጣለት ጢም፣ ያው ከግራና ከቀኝ ተላጭቶ ከላይ የተተወ ጸጉር። ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት እንዴት እንዲቆረጥለት በቃል ማስረዳቱን ትቶ ስልኩን ወደ ባለሙያው ያዞራል፤ በዚያው ጉዳዩ ያልቃል።

ማኅበራዊ ሚዲያ የተባለው ነገር ሲመጣ የተሰጠው ተስፋ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ከእንግዲህ ፋሽን በፓሪስና በሚላኖ በጥቂት ሰዎች አይወሰንም፤ ማንም ሰው ከመኝታ ቤቱ ሆኖ የራሱን አለባበስ ለዓለም ያሳያል፤ ሺህ ዓይነት ሰው ሺህ ዓይነት ልብስ ይለብሳል ተባለ። ማሳየቱስ ሆነ። ሺህ ዓይነቱን ግን ምን በላው?

ተበላሽቶ የሚያምር ኩረጃ

መኮረጅ በስልክ አልተጀመረም። ጌኦርግ ዚመል የተባለው ጀርመናዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ በ1904 እ.ኤ.አ. ስለ ፋሽን ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በልብሱ ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ እንደሚፈልግ አስረድቷል፤ ከሌላው መመሳሰልንና ከሌላው መለየትን። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ወጣት የነበሩ ሰዎች ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። አፍሮው፣ ቤልቦተሙ፣ ታኮው እንደ ጡብ የወፈረው ጫማ፣ ሚኒ ስከርቱ ከሲኒማ ቤት ሸራና ከውጭ መጽሔት የወረደ ነበር። በልብስ ምክንያት ግርግር የተነሣበትም ጊዜ ነበር። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ፣ ነገሩን የባዕድ ባህል መጫን አድርገው ያዩት ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ፤ ተቃውሞው ወደ ግጭት ዞረና ፖሊስ ገባ፣ የታሰሩም ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ ወንዶች ራሳቸው ኮትና ሱሪ ለባሾች መሆናቸው ዛሬ ሲታሰብ ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም።

የዚያን ጊዜው ኩረጃ ግን አንድ በረከት ነበረው፤ ሁልጊዜ ይበላሽ ነበር። ልጅቷ ከመጽሔት የቀደደችውን ገጽ አጣጥፋ ፒያሳ ወይም መርካቶ ወዳለ ልብስ ሰፊ ትሄዳለች። ሰፊው ቀሚሱን በፎቶግራፍ ከፊት እንጂ ከኋላ አያየውም፤ ስለዚህ የኋላውን ከራሱ ይፈጥራል። በመጽሔቱ ላይ ያለው ጨርቅ ሱቅ ውስጥ የለም፤ በተገኘው ይተካል። እናት መጥታ “ይህስ አጠረ” ትላለች፤ አራት ጣት ይጨመርበታል። አክስት ከውጭ የላከችው ቁልፍ ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበርና እሱም ቦታ ያገኛል። ተሰፍቶ ሲያልቅ ከመጽሔቱ ጋር የሚያመሳስለው ወሬው ብቻ ነው። በዓለም ላይ ሁለተኛ የሌለው ቀሚስ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ማንም “ልዩ ልሁን” ብሎ ሳይጨነቅበት።

ዛሬ የጠፋው ይህ በመካከል ይገባ የነበረ እጅ ነው። ምስሉ ከስልክ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ቤት ደጃፍ ሲደርስ በመንገዱ ላይ የሚያበላሸው፣ የሚያሳጥረው፣ የሚያስረዝመው ሰው አያገኝም።

ሰከንድ ቆጣሪው

ኢንስታግራም የተከፈተው በኦክቶበር 2010 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፌስቡክ በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው የሚያየው ወዳጆቹ የለጠፉትን በጊዜ ተራ ነበር። በ2016 ኩባንያው አሠራሩን እንደሚለውጥ አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ፊት የሚቀርበው ተመልካቹ ይወደዋል ተብሎ በማሽን የተገመተው ሆነ። ቲክቶክ ደግሞ ከዚህም አለፈ። ወዳጅ መኖሩን አይጠይቅም፤ ሰውዬው ምንም ሳይነካ እንኳ አንድ ቪዲዮ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይቆጥራል፤ በዚያው ሒሳብ ቀጣዩን ያቀርብለታል።

አንባብያን እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ማሽኑ ስለ ልብስ ውበት ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ብዙ ሰው የቆመበትን ነው። ብዙ ሰው የቆመበትን ለሌላ ብዙ ሰው ያሳያል፤ ያም ይቆማል። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው መሆኑ ነው። በዚህ መካከል ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚወዱት፣ ለማየት ጊዜ የሚጠይቅ፣ ዝግ ያለ ውበት ከሰልፉ መጨረሻ ይቀራል።

ውጤቱ በሌሎችም አገሮች ታይቷል። በ2019 በብሪታንያ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት አንድ የዛራ ረጅም ቀሚስ፣ ዋጋው 39.99 ፓውንድ፣ መንገዱን ሁሉ ሞላው፤ የለባሾቹን ፎቶ ብቻ እየሰበሰበ የሚለጥፍ የኢንስታግራም ገጽ እስከ መክፈት ተደርሶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰመር፣ ሊሪካ ማቶሺ የተባለች ዲዛይነር የሠራችው እንጆሪ የተጠለፈበት ሮዝ ቀሚስ በቲክቶክ ገነነ። ዋናው 490 ዶላር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ርካሽ ቅጂዎቹ ገበያውን አጥለቀለቁት።

ይህን ቅጂ የማውጣት ሥራ ወደ ሳይንስ ያደረሰው ሺን የተባለው ከቻይና የተነሣ ኩባንያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንድ ዲዛይን መቶ ወይም ሁለት መቶ ቁራጭ ብቻ ይሠራል፤ በስልክ ላይ ይወጣል፤ ሰው ከነካው ይበዛል፤ ካልነካው ይረሳል። ጨርቁ በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ፖሊስተር ነው። ፈረንሳይ በጁላይ 2025 ይህንኑ ኩባንያ በሐሰተኛ የዋጋ ቅናሽ ገዢዎችን አሳስቷል በማለት 40 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታዋለች። አሜሪካም ከ800 ዶላር በታች ለሆኑ ፖስታዎች ሰጥታ የነበረውን ከቀረጥ ነጻ የመግባት ዕድል በሜይ 2025 ለቻይና፣ በኦገስት 29 ቀን 2025 ደግሞ ለሌሎች አገሮችም አቆመች። ሁለተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ቀሚስ በፖስታ የሚያስመጡትንም ነክቷል። ያም ሆኖ የሐበሻ ቀሚስ ዋና ፖስታ ቤት ዛሬም የመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ከሽሮና ከበርበሬ ጎን ተጣጥፎ ይመጣል።

ሽሮ ሜዳ

ለአሜሪካ ቪዛ ቀጠሮ የተሰለፈ ሰው ሽሮ ሜዳን ሳያውቅ አይቀርም፤ ኤምባሲው ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ከገበያው ብዙም አይርቅም። በዚያና በጉለሌ አካባቢ ከሚሠሩት ሸማኔዎች የብዙዎቹ መነሻ የጋሞ ደጋ፣ ዶርዜና ጨንቻ ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጥና መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ማጉን ከድሩ ያዋድዳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ባለ ቀለሙ ክር በጣት እየተቆጠረ ነው የሚገባው። ሁለት ሸማኔዎች አንድ ዓይነት ጥለት ቢጀምሩ እንኳ ሥራቸው አንድ አይሆንም፤ የእጅ አመታት ይለያያል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ጨርቁን ዳስሶ የማን እጅ እንደሆነ እስከ መገመት ይደርሳል።

ልብሱም ቋንቋ ነበረው። ያው አንድ ነጠላ ለሐዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ይዘቀዘቃል፤ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይለበሳል፤ ለሥራ ወገብ ላይ ይታሰራል። የራያዋ ሴት ከጎንደሯ፣ የጎንደሯ ከወሎዋ በጥልፏና በሹሩባዋ ትለያለች። የሐረር እናት ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ታደርጋለች። አለባበስ አድራሻ ነበር ማለት ይቻላል። ከሩቅ የታየች ሴት የየት አገር ልጅ እንደሆነች፣ ያገባች ወይም ያላገባች መሆኗን፣ ወደ ሰርግ ወይም ወደ ለቅሶ እንደምትሄድ ልብሷ ይናገርላት ነበር።

ስልኩ እዚህ መካከል ሲገባ ምን ሆነ? ካሜራ ልስላሴን አያነሣም። ክብደትን አያነሣም። በእጅ የተፈተለ ክርና የፋብሪካ ክር፣ የተሸመነ ጥለትና በማሽን የታተመ ሥዕል በአምስት ሳንቲ ሜትር መስታወት ላይ አንድ ናቸው፤ እንዲያውም የታተመው ቀለሙ ስለሚጮህ ይበልጥ ያምራል። ስለዚህ ሻጩ ሁሉ ካሜራ የሚያየውን ብቻ እያሳመረ መወዳደር ጀመረ። የሚያብረቀርቅ ሳባ ክር ጨመረ፣ ጥለቱን አሰፋ፣ ቀለሙን አጎላ። ቻይና ውስጥ በማሽን የታተመው የ“ጥበብ” ምስልም በጥቅል መርካቶ ገባ። ከፈትሉ ቀሚስ ጋር ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ሲራራቅ፣ ፎቶግራፋቸው ግን ጎን ለጎን ይቀመጣል።

ሸማኔው ደግሞ በበኩሉ ሌላ ችግር ገጠመው። ድሮ ደንበኛ መጥታ “ለእኅቴ ልጅ ሰርግ ነው፤ ደመቅ ያለ፣ ግን ዓይን የማይወጋ” ትለው ነበር። ቀሪውን የሚያስበው እሱ ነው። አሁን ነጋዴው ከደንበኛዋ የተላከለትን ስክሪንሾት ያሳየውና “ልክ እንደዚህ፤ ምንም ሳይለወጥ” ይለዋል። ፎቶው ላይ ያለው ጥለት ምናልባት የጎረቤቱ ፈጠራ ሊሆን ይችላል፤ ማን መጀመሪያ እንደሠራው የሚጠይቅ የለም፣ ስሙም የትም አልተጻፈም። ሸማኔ አዲስ ጥለት አውጥቶ ዛሬ ቢታይለት በሳምንቱ ማሽን አትሞት ያገኘዋል። እንዲህ ከሆነ አዲስ ጥለት ለማውጣት ለምን ይደክማል? አባት ሸማኔ ልጁን ከጉድጓዱ ዳር አስቀምጦ ለማስተማር ለምን ይነሣል? የቀሚሶቹ መመሳሰል ከመልክ ጉዳይ ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያልቅ ሙያ አለ፣ በእሱ የሚተዳደር ቤተሰብ አለ።

ታዋቂዋ ሞዴል ልያ ከበደ ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት በ2007 ያቋቋመችው የአገር ቤት ሸማኔዎች ገበያ እያጡ መምጣታቸውን አይታ ነው። ያኔ ኢንስታግራም ገና አልተወለደም። ችግሩ ስልክ ብቻ ያመጣው አለመሆኑን ለመናገር ይህ ይበቃል። ከዚያ በፊትም ልባሽ ጨርቅና የፋብሪካ ጨርቅ ነበሩ። ስልኩ ፍጥነቱን ነው የጨመረው።

ለስልኩም እንመስክርለት ከተባለ

ነገሩን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ደግሞ ደግ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ያደጉ ስንት የሐበሻ ልጆች ጸጉራቸውን በካውያና በኬሚካል ሲያቃጥሉ ኖሩ! “ሥራ ቦታ አያስገባም” የተባለውን ከርዳዳ ጸጉር እንዴት እንደሚይዙት ያስተማራቸው ዩቲዩብና ኢንስታግራም ነው። ሹሩባም የአያት ነገር መባሉ ቀርቶ ሰው ቀጠሮ እየያዘ የሚሠራው ሆነ። በጸጉር አሠራር ምክንያት ሰውን ማግለል የሚከለክለውን ሕግ ካሊፎርኒያ በጁላይ 2019 ቀድማ ስታወጣ፣ ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድም በ2020 ተከትለዋል። ሒጃብ የምታደርግ ወጣትም ሱቅ ውስጥ ለእሷ የሚሆን ልብስ ስታጣ የኖረችውን፣ ከማሌዥያ እስከ ሚኒሶታ ያሉ መሰሎቿ እንዴት እንደሚለብሱ በስልኳ ማየት ችላለች። በማርች 2024 በ102 ዓመቷ ያረፈችው አሜሪካዊቷ አይሪስ አፕፌል፣ ትልልቅ ክብ መነጽሯንና በክንዷ የምትደረድረውን አምባር ይዛ በኢንስታግራም ሚሊዮኖች የተከተሏት በዘጠናዎቹ ዕድሜዋ ነው። እሷ ግን ያን አለባበስ የያዘችው ስልክ ከመፈጠሩ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በፊት ነበር። ስልኩ አሳያት እንጂ አላለበሳትም።

በዓረብ አገር ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የአሠሪዋን ዩኒፎርም ለብሳ ትከርማለች። አንድ ቀን ዕረፍት ስታገኝ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ፣ ፎቶ ተነሥታ ትለጥፋለች። ያ ፎቶ ለእሷ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ “እኔም ሰው ነኝ፣ ስምም አለኝ” ማለቷ ነው። አገር ቤት ያለው ዘመድ ግን ፎቶውን በሌላ መንገድ ያነበዋል። ቀሚሱን ያያል፣ ወርቁን ያያል፤ ወርቁ የጓደኛ ይሁን የብልጭልጭ አያውቅም። በማግስቱ መልእክት ይመጣል፦ “ያማረብሽ ልጅ፣ እንግዲህ ለእኛም አስቢልን!”

አሜሪካና አውሮፓ ያለውም ከዚህ አያመልጥም። አንዴ የተለጠፈ ቀሚስ ደግሞ አይለበስም፤ “ይህን እኮ በአልማዝ ልጅ ሰርግ ለብሳዋለች” እንዳይባል። በአንድ ሰመር አምስት ሰርግ ያለባት ሴት አምስት ቀሚስ ያስፈልጋታል። ባለ ብዙ ተከታይ የሆኑት በየቀኑ አዲስ ልብስ ሲያወጡ፣ ልብሱ በነጻ የተላከላቸው ይሁን የተከፈላቸውም ይሁን ለተመልካች አይታየውም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ እንዲህ ያለ ጥቅም በግልጽ መነገር አለበት ይላል፤ በሐበሻው ገጽ ላይ “ማስታወቂያ ነው” የሚል ቃል ማየት ግን ብርቅ ነው። ደመወዟን በሰዓት የምትቀበለው ተመልካች በክሬዲት ካርድ ትከተላለች።

ከባዱ ጉዳት በልጆቹ ላይ ነው። በ2021 ዎል ስትሪት ጆርናል ይፋ ባደረገው የፌስቡክ የውስጥ ጥናት መሠረት፣ ስለ ሰውነታቸው ከሚከፋቸው ወጣት ሴቶች 32 በመቶው ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። ኩባንያው ይህን ራሱ አጥንቶ ያውቀው ነበር። እናት ግን ልጇ መስተዋት ፊት ቆማ ሦስት ጊዜ ልብስ ስትቀይር እያየች “ይህች ልጅ ደግሞ ምን ነካት” ትላለች። መስተዋቱ ድሮ የሚያሳየው አንድ ሰው ነበር፤ አሁን ልጅቷ እዚያ ውስጥ የምትፈልገው ትናንት ማታ ያየቻቸውን አንድ ሺህ ፊቶች ነው።

ከሻንጣው ሥር

በአንዳንድ ቤት ደግሞ ነገሩ ወደ ኋላ መዞር ጀምሯል። ከሙሽሮች መካከል ለሸማኔ የስልክ ፎቶ መላኩን ትተው የእናታቸውን የድሮ ነጠላ በመንገደኛ የሚልኩ አሉ። ነጠላው ከሻንጣ ሥር ሃያና ሠላሳ ዓመት ተኝቶ ጥለቱ ደብዝዟል፤ ሸማኔው ግን ክሩን በጣቱ ቆጥሮ ያነበዋል፤ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፤ ቀለሙ ገበያ ላይ ካልተገኘ የሚቀርበውን ያስገባል። ተሠርቶ ሲመጣ ከእናትየው ጋር ይመሳሰላል፣ እናትየውንም አይደለም። ይህ የድሮው የልብስ ሰፊ ኩረጃ ነው፤ በመካከል እጅ ገብቶበታል። ዋጋው ከሺፎኑ ይበልጣል፣ ጊዜም ይፈጃል፤ ሰርጉ ለሚቀጥለው ሳምንት ከሆነ አይታሰብም።

በስልክ ለሚያዙም ቢሆን መፈተኛ አይጠፋም። ሻጯን ከፊት ለፊቱ ፎቶ ሌላ የጥለቱን የጀርባ ፎቶ ላኪልኝ ማለት ነው። የተሸመነ ጥለት በጀርባው የክሩን ጉዞ ያሳያል፤ የታተመው ግን ጀርባው ገርጥቶ ወይም ባዶ ሆኖ ይታያል። ቀሚሱ እጅ ከገባ በኋላ ደግሞ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ፕላስቲክ ጠብታ ይደርቃል። የጀርባውን ፎቶ ላኪልኝ ስትባል “ኔትወርክ እምቢ አለ” የምትል ሻጭ ካጋጠመች፣ ክብሪቱን ማባከን አያስፈልግም።